ለቢሮ የራክ ሰርቨር ስፔክ፦ የጎደለውን ጠቁሙኝ

ጀማሪ_አድሚን · መልዕክት 1

ሰላም ለመድረኩ። ወደ 60 ለሚሆኑ ተጠቃሚዎች የራክ ሰርቨር (ካቢኔት ውስጥ የሚገጠም) ስፔክ፣ ማለትም የዕቃ ዝርዝር፣ እያዘጋጀሁ ነው። የሚጫንበት አክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ፋይል ሰርቨርና የሒሳብ ሶፍትዌር ከነዳታቤዙ ነው፤ ሦስቱም በዊንዶውስ ሰርቨር። ሁለት ቀለል ያሉ የሊኑክስ ማሽኖችም አሉ። ሁሉም ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ) ሆነው አንድ ሰርቨር ላይ ይቀመጣሉ። እስካሁን የጻፍኩት ይሄ ነው፦

– 1ዩ (ዩ የካቢኔት ቁመት መለኪያ ነው)፣ ባለ ሁለት ሶኬት (የፕሮሰሰር መቀመጫ) ቦርድ፣ ለጊዜው አንድ ባለ 32 ኮር ፕሮሰሰር (ሁለተኛው ወደፊት ይጨመራል)
– ሚሞሪ 128 ጊጋባይት፣ ሁለት ባለ 64
– አራት ባለ 8 ቴራባይት ሳታ ሀርድ ዲስክ በራይድ 5 (ራይድ፦ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ)
– አንድ ፓወር ሰፕላይ
– ካቢኔት፦ ያለው የኔትወርክ ካቢኔት፣ ጥልቀቱ 600 ሚ.ሜ፣ በሩ መስታወት

የቱ ጋ ነው የሳትኩት? በተለይ ፕሮሰሰሩ ያንስ ወይ ይበዛ እንደሆነ ንገሩኝ።

ጋሽ_ራክ · መልዕክት 2

ስለ ፕሮሰሰሩ ሌሎቹ ይነግሩሃል። እኔ ከታች ልጀምር፤ የመጨረሻዋ መስመርህ ብቻዋን ከላይ ያለውን ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች።

600 ሚ.ሜ ጥልቀት ያለው ካቢኔት ለስዊችና ለፓች ፓነል የተሠራ ነው። የተለመደ የራክ ሰርቨር አካሉ ብቻ ከ700 እስከ 800 ሚ.ሜ ይረዝማል። ከጀርባው ደግሞ የመብራትና የኔትወርክ ኬብሉ ሳይሰበር እንዲታጠፍ 100 ሚ.ሜ እና ከዚያ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ከ1000 ሚ.ሜ በታች አታስብ፤ 1200 ከተገኘ እሰየው። አጠር ብለው የተሠሩ ሰርቨሮች አሉ፤ ግን ዲስኩም የማስፋፊያ ስሎቱም አብሮ ያጥራል።

ልብ በል፣ የካቢኔቱ የውጭ ጥልቀትና በፊትና በኋላ ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ለየቅል ናቸው። ሬሉ (ሰርቨሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ) የሚታሰረው ምሰሶዎቹ ላይ ነው። ሜትርህን ይዘህ ከፊት ምሰሶ የውጭ ገጽ እስከ ኋላ ምሰሶ የውጭ ገጽ ለካ፤ ከዚያ የሰርቨሩ ሬል ከስንት እስከ ስንት እንደሚረዝም ከአምራቹ የሬል ሰንጠረዥ ጋር አመሳክር። በዚያው የምሰሶውን ቀዳዳ እይ፦ አራት ማዕዘን ነው፣ ክብ ነው ወይስ ጥርስ የወጣለት? ያለ መፍቻ የሚገጠሙት ሬሎች አራት ማዕዘኑን ይወዳሉ፤ ጥርስ ላለው ሌላ ዓይነት ሬል ነው የሚታዘዘው።

መስታወቱ የባሰ ነው። ሰርቨር አየር የሚስበው ከፊት፣ የሚተፋው ወደ ኋላ ነው። ፊቱን ስትዘጋበት የገዛ ራሱን ትኩስ አየር በጎን በኩል መልሶ ይስባል። መጀመሪያ ፋኖቹ ይጮሃሉ፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ተጠቃሚው ደግሞ "ከሰዓት ከሰዓት ሲስተሙ ይጎተታል" ይላል። ከፊትም ከኋላም በሩ ወንፊት መሆን አለበት። ባዶ የቀሩትንም ዩዎች በመሸፈኛ ዝጋቸው፤ ትኩሱ አየር ወደ ፊት የሚመለሰው በእነሱ ነው።

ኮር_ቆጣሪ · መልዕክት 3

ጋሽ ራክ እንዳሉት ነው። ወደ ፕሮሰሰሩ ልምጣ።

ባለ ሁለት ሶኬት ቦርድ ላይ አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ስታስገባ የቦርዱ ግማሽ ይተኛል። ግማሹ የሚሞሪ ስሎት የሚሠራው በሁለተኛው ፕሮሰሰር በኩል ነው፤ ከፒሲአይኢ (የካርድ መሰኪያ) ስሎቶቹም የተወሰኑት እንዲሁ። የሰካኸው ካርድ ባዮስ ውስጥ ጭራሽ ካልታየ፣ ተበላሸ ከማለትህ በፊት ክዳኑ ሥር የተለጠፈውን ሥዕል አንብብ፤ ስሎቱ የባዶው ሶኬት ሊሆን ይችላል። "ወደፊት ይጨመራል" የሚለውም ወረቀት ላይ ነው የሚያምረው። ሁለተኛው ፕሮሰሰር ያው ሞዴል መሆን አለበት፤ የራሱን ሂትሲንክ፣ የራሱን ሚሞሪ፣ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተጨማሪ ፋንም ይጠይቃል።

ለ60 ሰው ባለ አንድ ሶኬት ቦርድ ይበቃል። የኤኤምዲ ኤፒክ ሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ "ፒ" ካለበት ለአንድ ሶኬት ብቻ የተሠራ ነው። በ7002፣ 7003 እና 9004 ተከታታዮች አንዱ ፕሮሰሰር ብቻውን 128 የፒሲአይኢ መስመር ስለሚሰጥ ዲስክም ኔትወርክም ካርድም ሳይሻሙ ይኖራሉ። ኢንቴል ዚዮን ላይም ባለ አንድ ሶኬት ሞዴሎች አሉ።

አሁን ወደ ኮሩ ብዛት። ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ በሰርቨሩ ላይ ባለው ፊዚካል ኮር ሁሉ ልክ ላይሰንስ ይጠይቃል፤ ትንሹ በአንድ ፕሮሰሰር 8፣ በአንድ ሰርቨር 16 ኮር ነው። ሁሉንም ኮር አንዴ ስትሸፍን የምታገኘው የሁለት ዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን መብት ነው። አንተ ሦስት አለህ። ስለዚህ ኮሮቹን በሙሉ ሁለቴ ትሸፍናለህ ማለት ነው፦

በ32 ኮር፣ 64 የኮር ላይሰንስ።
በ16 ኮር፣ 32።
ያ "ወደፊት" ያልከው ሁለተኛ ባለ 32 ኮር ሲገባ፣ 128።

ሁለቴ መሸፈኑ የአራት ማሽን መብት ስለሚሰጥ አንዱ በትርፍ ይቀርሃል። የሊኑክሶቹ ማሽኖች በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም። የተጠቃሚ ላይሰንሱ ደግሞ ለብቻው በሰው ወይም በመሣሪያ ይቆጠራል።

የሒሳብ ሶፍትዌርና ዳታቤዝ ከብዙ ኮር ይልቅ ፈጣን ኮር ይጠቅማቸዋል። 16 ኮር ሆኖ መነሻ ክሎኩ 3 ጊጋኸርዝና ከዚያ በላይ የሆነ ፈልግ። ስፔክ ላይ ቱርቦውን አትመን፤ ሁሉም ኮር ሲሠራ የሚታየው ፍጥነት ሌላ ነው።

ሚሞሪው ላይ ሁለት ባለ 64 ማለትህ ፕሮሰሰሩን ከስምንት ቻናል (የሚሞሪ መስመር) ሁለቱን ብቻ ክፈትለት እንደማለት ነው። የሚሞሪው ባንድዊድዝ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ይሄ ደግሞ በምንም ሴቲንግ አይስተካከልም። ባለ ስምንት ቻናል ከሆነ ስምንት ባለ 16 አድርግ። የኤፒክ 9004 ተከታታይ ግን ባለ 12 ቻናል ነው፤ እዚያ 12 ባለ 16 ይሆንና 192 ጊጋባይት ይወጣል። ስሎቶቹ የሚሞሉበት ቅደም ተከተል በክዳኑ ሥዕል ላይ አለ፤ ብዙ ጊዜ ነጩ ማቀፊያ ይቀድማል፣ ጥቁሩ ይከተላል። በአንድ ቻናል ላይ ሁለት ሞጁል ስትደርብ ፍጥነቱ እንደሚወርድም ዕወቅ፦ በአራተኛው ትውልድ ዚዮን ስኬለብል 4800 የነበረው ወደ 4400 ይወርዳል።

ሰርቨር ሚሞሪ ኢሲሲ ነው፤ የአንድ ቢትን ስሕተት ራሱ ያርማል፣ የሁለት ቢትን ያሳውቃል። ግን ኢሲሲ ሁሉ አንድ አይደለም። አርዲም፣ ዩዲምና ኤልአርዲም የሚባሉት የሚሞሪ ዓይነቶች አይቀላቀሉም፤ ከቀላቀልካቸው ማሽኑ አይነሳም።

ጀማሪ_አድሚን · መልዕክት 4

ላይሰንሱን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ ራክ፣ አንድ ልጠይቅዎት፦ ካቢኔቱ ከተቀየረ ቦታ አይቸግርም። 1ዩ ይሁን ወይስ 2ዩ?

ጋሽ_ራክ · መልዕክት 5

ቦታ ካልጠበበህ 2ዩ። 1ዩ ማለት 44.45 ሚ.ሜ ቁመት ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚገባው ፋን 40 ሚ.ሜ ነው። ትንሽ ፋን በቂ አየር ለመግፋት በጣም መፍጠን አለበት፤ ሲፈጥን ይጮሃል፣ መብራትም ይበላል። 2ዩ ላይ 60 ሚ.ሜ ፋን ይገባል፤ ያንኑ አየር ተረጋግቶ ይገፋል። ሰርቨሩ ሰው ከሚሠራበት ክፍል አጠገብ ከሆነ ልዩነቱን ጆሮህ ይነግርሃል።

ሌላው የማስፋፊያ ቦታ ነው። 1ዩ ላይ ካርድ የሚገባው ጎን ለጎን ተኝቶ ሁለት ወይም ሦስት ነው። 2ዩ ላይ በራይዘር ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ይደርሳል። ዲስክ ከፊት ባለ 3.5 ኢንች ከሆነ በ1ዩ 4፣ በ2ዩ 12፤ ባለ 2.5 ኢንች ከሆነ በ1ዩ 8 ወይም 10፣ በ2ዩ 24።

ስታዝ ባክፕሌኑን፣ ዲስኮቹ የሚሰኩበትን ሰሌዳ፣ በደንብ ምረጥ። ባለ 8 ባክፕሌን ይዞ የመጣን ሻሲ በኋላ ባለ 24 ላድርገው ማለት ባክፕሌን፣ ኬብልና ምናልባትም ኮንትሮለር መቀየር ነው። ለሳታና ለሳስ ብቻ የተሠራ ባክፕሌን ኤንቪኤምኢ (በፒሲአይኢ የሚሠራ ፈጣን ኤስኤስዲ) አይቀበልም። ፊቱ ላይ ያለው ክፍት ቦታ አያታልልህ፤ ከጀርባው ሰሌዳ ከሌለ የፕላስቲክ መሸፈኛ ነው።

ሰብለ_ስቶሬጅ · መልዕክት 6

ዲስኩ ላይ ማንም ዝም ማለቱ ገረመኝ። አራት ባለ 8 ቴራባይት በራይድ 5 ለዳታቤዝ መጥፎ ምርጫ ነው፤ በሁለት ምክንያት።

አንደኛው ፍጥነት ነው። አንድ ባለ 7200 ዙር ሀርድ ዲስክ በዘፈቀደ ንባብና ጽሑፍ በሰከንድ 80 ያህል ጥያቄ ያስተናግዳል። አራቱ 320 ይሆናሉ። ራይድ 5 ላይ አንድ ትንሽ ጽሑፍ አራት የዲስክ ሥራ ይሆናል፦ የድሮውን ዳታ ማንበብ፣ የድሮውን ፓሪቲ (የጠፋ ዳታ ተመልሶ የሚሰላበት) ማንበብ፣ አዲሱን ዳታ መጻፍ፣ አዲሱን ፓሪቲ መጻፍ። 320 ለ4 ሲካፈል 80። አራት ዲስክ ገዝተህ የአንድ ዲስክ የመጻፍ ፍጥነት ማግኘት ማለት ነው።

ሁለተኛው ሪቢልድ ነው፤ የሞተውን ዲስክ ዳታ አዲስ ዲስክ ላይ መልሶ መገንባት። አንዱ ሲሞት ኮንትሮለሩ የቀሩትን ሦስቱን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ 24 ቴራባይት መሆኑ ነው። በሰከንድ 150 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ቢጽፍ እንኳ 8 ቴራባይት ወደ 15 ሰዓት ይወስዳል፤ ተጠቃሚ እየሠራበት ከሆነ ከዚያ በእጅጉ ይረዝማል። በዚያ ሁሉ ጊዜ መከላከያ የለህም። ለዴስክቶፕ የተሠሩ ሳታ ዲስኮች ስፔካቸው ላይ በየ 10 ኃይል 14 ቢት አንድ ሊነበብ የማይችል ሴክተር ይፈቀድላቸዋል፤ ይሄ 12.5 ቴራባይት ነው። የድርጅት ዲስክ አሥር እጥፍ ይሻላል፤ ቢሆንም ትልቅ ዲስክ ላይ ራይድ 5 ባይሆን ይመረጣል።

የኔ ምርጫ፦ ለቨርቹዋል ማሽኖቹ አራት ባለ 3.84 ቴራባይት የድርጅት ኤስኤስዲ በራይድ 10 (ጥንድ ጥንድ ሆነው የተንጸባረቁ)፤ 7.68 ቴራባይት ይወጣል። የቆየ ፋይል ከበዛ ለብቻው በሀርድ ዲስክ፣ በራይድ 6 (ሁለት ዲስክ ቢሞት የሚቋቋም)። ሃይፐርቫይዘሩን፣ ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ከእነዚህ ጋር አታደባልቀው፤ እርስ በርስ የተንጸባረቁ ሁለት ትናንሽ ኤም.2 ዲስኮች አብዛኛው አምራች እንደ አማራጭ ያቀርባል።

ኤስኤስዲ ስትመርጥ ሁለት ነገር ተመልከት። የመጀመሪያው መብራት ሲጠፋ ያልተጻፈውን ዳታ የሚያድኑ ካፓሲተሮች መኖራቸው ነው፤ የዴስክቶፕ ኤስኤስዲ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ሁለተኛው የጽሑፍ ዕድሜ። "በቀን አንድ ሙሌት፣ ለ5 ዓመት" ከተባለ 3.84 በ1825 ቀን፣ ወደ 7008 ቴራባይት ነው። ለእንዲህ ያለ ቢሮ ከበቂ በላይ ስለሆነ የባለ ሦስት ሙሌቱን ዋጋ አትክፈል።

ሰማያዊ_ኬብል · መልዕክት 7

ሰብለ፣ በሀርድ ዲስኩ ላይ ያልሽው ልክ ነው። ኤስኤስዲ ላይ ግን ራይድ 5 ያን ያህል አያስፈራም። ሪቢልዱ በሰዓታት ያልቃል፣ የንባብ ስሕተት ደረጃውም የተሻለ ነው። በእነዚያው አራት ዲስኮች 11.52 ቴራባይት ይገኛል፤ ከራይድ 10 በ3.84 ይበልጣል።

ሰብለ_ስቶሬጅ · መልዕክት 8

ልክ ነህ፤ ቦታ ካነሰ ኤስኤስዲ ላይ ራይድ 5 አልቃወምም። ግን የሚሠራው በኮንትሮለሩ ካሽ (ጊዜያዊ ሚሞሪ) ነው። ኮንትሮለሩ ራይትባክ (ጽሑፉን ካሽ ላይ ተቀብሎ ኋላ ዲስክ ላይ ማስፈር) የሚሠራው የካሹ ባትሪ ወይም ካፓሲተር ጤነኛ ሲሆን ነው። ባትሪው ሲደክም ራሱ ወደ ራይትስሩ (በቀጥታ ዲስክ ላይ መጻፍ) ይመለሳል፤ ምንም ነገር አይቆምም፣ ማስጠንቀቂያውም ሎግ ውስጥ ይቀራል፣ የጽሑፍ ፍጥነቱ ብቻ ገደል ይገባል። "ምንም ሳንነካ ዳታቤዙ ድንገት ቀዘቀዘ" ሲባል መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው። ያለ ባትሪ ራይትባክን በግድ የሚያበራ ሴቲንግም አለ። አይነካም።

ዜድኤፍኤስ (ራይዱን ራሱ በሶፍትዌር የሚሠራ ፋይል ሲስተም) የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ የራይድ ኮንትሮለር አይገዛ። ዲስኮቹን እንዳሉ የሚያሳይ ኤችቢኤ ይበቃዋል። በራይድ ካርድ ላይ እያንዳንዱን ዲስክ ለብቻው ራይድ 0 እያደረጉ ማቅረብ መፍትሔ አይደለም፤ ዲስክ ሲቀየር ያስቸግራል፣ የዲስኩም ትክክለኛ ጤንነት ይሸፈናል።

ጨምሬ፦ ዲስኮቹን ወደ ሌላ ሰርቨር አዛውረህ ኮንትሮለሩ "የማላውቀው ራይድ አገኘሁ" ካለህ መልሱ ኢምፖርት ነው። ክሊር ወይም ኢኒሻላይዝ ከተጫነ አበቃ።

ፒዲዩ · መልዕክት 9

አንድ ፓወር ሰፕላይ የሚለውን ሰርዝ። ሁለት ይሁኑ፣ ማሽኑ ሳይጠፋ የሚነቀሉ። ቁምነገሩ ግን ሁለቱን መግዛቱ ሳይሆን የሚሰኩበት ቦታ ነው። ሁለቱም አንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩ ብሬከሩ ሲወርድ አብረው ይጠፋሉ። አንዱን በዩፒኤስ፣ ሌላውን በሌላ ዩፒኤስ፣ ሁለተኛ ዩፒኤስ ከሌለ በተለየ ብሬከር ላይ ባለ ቀጥታ መስመር።

በሰላሙ ጊዜ ሁለቱ ጭነቱን ይካፈላሉ፦ ሰርቨሩ 400 ዋት ቢፈልግ በእያንዳንዱ 200። አንዱ ሲወድቅ ሌላው 400ውን ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ የአንዱ መስመር ጭነት በተለመደው ቀን ከአቅሙ ግማሽ ማለፍ የለበትም፤ እኔ 40 በመቶ ላይ አቆማለሁ። 48 በመቶ የጫነ ሰው አንድ ስዊች ሲጨምር ሳያውቀው መከላከያውን አጣ ማለት ነው።

መጠኑን በአምራቹ የኃይል ማስያ አስላ እንጂ "ትልቁ ይሻላል" አትበል። እንዳንተ ላለ ሰርቨር ባለ 800 ዋት አካባቢ ሁለት ከበቂ በላይ ነው። ግዙፍ ፓወር ሰፕላይ በ10 በመቶ ጭነት ላይ ብቃቱ ይወርዳል።

ሙቀቱን ማስላት ቀላል ነው፦ የገባው ዋት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። 450 ዋት በ3.412 ሲባዛ በሰዓት 1535 ቢቲዩ ይሆናል። ማቀዝቀዣህ ይሄንን ሌሊትም በበዓልም መሸከም አለበት። የሚመከረው ወደ ሰርቨሩ የሚገባ አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው፤ የሚለካውም በካቢኔቱ ፊት ነው እንጂ በክፍሉ ግድግዳ ላይ አይደለም።

ጀማሪ_አድሚን · መልዕክት 10

ያለን ዩፒኤስ 2000 ቪኤ ነው። ለዴስክቶፖች የተገዛ። ይሆናል?

ፒዲዩ · መልዕክት 11

ቪኤውን ተወው፤ ዋቱን አንብብ። ፓወር ፋክተሩ 0.9 ከሆነ 1800 ዋት ነው፣ 0.6 ከሆነ 1200። ከዚያ ደግሞ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ ምን ዓይነት እንደሆነ እይ። ርካሾቹ ደረጃ ደረጃ ያለው አስመሳይ ሳይን ነው የሚያወጡት። የሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ፓወር ፋክተሩን ራሱ ስለሚያርም ከእንዲህ ያለው ሞገድ ጋር ላይስማማ ይችላል፦ መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ በተሻገረባት ቅጽበት ሰርቨሩ ይጠፋል፣ ዩፒኤሱ ግን ሙሉ ባትሪ ይዞ ይጮሃል። ንጹሕ ሳይን የሚል ይፈለግ፤ ኦንላይን ዓይነት ከሆነ መሻገር የሚባል ነገር ራሱ የለም።

ከዚያ ሰርቨሩ ራሱን እንዲያጠፋ ማዘጋጀት አለብህ፤ በዩኤስቢ ወይም በዩፒኤሱ ኔትወርክ ካርድ። ማሽኖቹን በሙሉ በሥርዓት ለማጥፋት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ለካ። 6 ደቂቃ ከሆነ ዩፒኤሱ 12 ደቂቃ ሲቀረው ማጥፋት ይጀምር። ባትሪ ሲያረጅ የሚያሳየው ቀሪ ደቂቃ ስለሚዋሽ ነው እጥፍ የማደርገው።

ሰማያዊ_ኬብል · መልዕክት 12

ስፔኩ ውስጥ ጭራሽ ያልተጠቀሰ ነገር አለ፦ የርቀት መቆጣጠሪያው። ዴል ላይ አይድራክ፣ ኤችፒኢ ላይ አይኤልኦ፣ ሌኖቮ ላይ ኤክስክላሪቲ ኮንትሮለር ይባላል። በቦርዱ ላይ የተቀመጠች ራሷን የቻለች ትንሽ ኮምፒውተር ናት፤ ሰርቨሩ ቢጠፋም የኃይል ኬብሉ እስከተሰካ ድረስ ትሠራለች። በእሷ በኩል ስክሪኑን ታያለህ፣ ታስነሳለህ፣ የአይኤስኦ ፋይል እንደ ሲዲ ትሰካለህ፣ የትኛው ሚሞሪ እንደታመመ በስሎቱ ቁጥር ትነግርሃለች።

ወጥመዱ ላይሰንሱ ላይ ነው። አይድራክ ኤክስፕረስ ስክሪን አያሳይም፤ ኢንተርፕራይዝ ያስፈልጋል። አይኤልኦ ስታንዳርድ ደግሞ በራክ ሰርቨሮቹ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እስኪነሳ ያሳይህና ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ አድቫንስድ ይጠይቃል። ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይታዘዝ።

ለብቻው የተሰጠውን ፖርት ተጠቀም፤ ከዋናው ኔትወርክ ፖርት ጋር የሚጋራበትን ሴቲንግ አጥፋ። ለብቻው በሆነ ቪላን (የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ላይ አስቀምጠው፣ ወደ ኢንተርኔት በፍጹም አታውጣው። አይፒኤምአይ 2.0 (የቆየው የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮቶኮል) ከአሠራሩ ድክመት የተነሳ መለያህን ሳያረጋግጥ የይለፍ ቃልህን ሃሽ ለጠያቂው ይሰጣል፤ ወንበዴው ቤቱ ወስዶ ተረጋግቶ ይፈታዋል። ካልተጠቀምክበት አጥፋው፤ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ሬድፊሽ (ተተኪው) ይበቃቸዋል።

ኔትወርኩን በአጭሩ፦ ሁለት ባለ 1 ጊጋ ፖርት ብታጣምር አንድ የፋይል ዝውውር ከ1 ጊጋ አያልፍም፤ ማጣመር የሚጠቅመው ብዙ ሰው ሲሠራና አንዱ ገመድ ሲበጠስ ነው። ባክአፕህ በሌሊት እንዲያልቅ ከፈለግህ 10 ጊጋ ውሰድ። በመዳብ ከሆነ ካት 6 እስከ 55 ሜትር፣ ካት 6ኤ እስከ 100 ሜትር ይዘልቃል። እዚያው ካቢኔት ውስጥ ላለ ስዊች ኤስኤፍፒ ፕላስ ካርድና አጭር ዳክ (ሁለት ጫፉ ላይ መሰኪያ የተገጠመለት የመዳብ) ኬብል ይቀላል፣ ይቀዘቅዛልም። ዳክ ኬብሉን ግን ስዊቹም ካርዱም የሚቀበሉት መሆኑን አረጋግጥ፤ የሌላ አምራች ኮድ ያለበትን ፖርቱ አልቀበልም የሚል ስዊች አለ።

ጀማሪ_አድሚን · መልዕክት 13

አስተካክዬዋለሁ፦

– 2ዩ፣ ባለ አንድ ሶኬት፣ 16 ኮር፣ ባለ ስምንት ቻናል
– ስምንት ባለ 16 ጊጋባይት አርዲም
– አራት ባለ 3.84 ቴራባይት ኤስኤስዲ በራይድ 10፣ ሁለት ኤም.2 ለሃይፐርቫይዘሩ
– ሁለት ባለ 800 ዋት ፓወር ሰፕላይ
– የርቀት መቆጣጠሪያ ከሙሉ ላይሰንስ ጋር
– ባለ ሁለት ፖርት 10 ጊጋ ኤስኤፍፒ ፕላስ
– ካቢኔት 42ዩ፣ 1200 ሚ.ሜ፣ ወንፊት በር

የቀረ አለ?

ኮር_ቆጣሪ · መልዕክት 14

ከሞላ ጎደል ደህና ነው። የሚረሱት ትንንሾቹ ናቸው። ሬል ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚታዘዘው፤ "ከተንሸራታች ሬል ጋር" ብለህ ጻፍ። የኃይል ገመዱን ዓይነት ግለጽ፦ ፒዲዩ (የካቢኔት የኃይል ማከፋፈያ) ላይ የሚሰካው ሲ13–ሲ14 ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ሌላ። የዲስክ ትሪ ከዲስኩ ጋር እንጂ ከሻሲው ጋር አይመጣም፤ ወደፊት ለምትጨምራቸው ዲስኮች ትሪ ከአሁኑ ያዝ። ቲፒኤም 2.0 (የምስጠራ ቁልፍ የሚይዝ ቺፕ) ተካቶ እንደሆነ ጠይቅ። አንድ ትርፍ ዲስክ፣ ያው ሞዴል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

ጥገናው "በማግስቱ የሥራ ቀን" ነው ወይስ "በአራት ሰዓት ውስጥ"? ዓርብ ማታ ለተበላሸ ዕቃ "ማግስቱ" ሰኞ ነው። አንዳንድ አምራቾች ዋስትና ወይም ውል ለሌለው ሰርቨር የባዮስ አፕዴት አይሰጡም፤ የውሉን ዓመት ከሰርቨሩ ዕድሜ ጋር አስተካክል።

ሰብለ_ስቶሬጅ · መልዕክት 15

ስፔኩ ላይ የለም እንጂ ባክአፑ የት ነው? ራይድ 10 ፋይል የሰረዘውን እጅም፣ ራንሰምዌርንም አያስቆምም። ቅጂው ከዚህ ሰርቨር ውጪ፣ በሌላ የይለፍ ቃል ሥር መሆን አለበት።

ዕቃው ሲደርስ ዳታ ሳትጭንበት ፈትነው። መጀመሪያ ፈርምዌሩን በሙሉ አድስ፤ የባዮስ፣ የርቀት መቆጣጠሪያው፣ የራይድ ኮንትሮለሩ፣ የኤስኤስዲዎቹም ጭምር። ሜምቴስት (የሚሞሪ መፈተሻ) ለ24 ሰዓት ይሂድ። ከዚያ ዲስኮቹ ላይ ጽሑፍ እየሄደ እያለ ማበላሸት ጀምር። አንዱን የኃይል ገመድ ንቀል፤ ማሽኑ መጥፋት የለበትም፣ ማስጠንቀቂያ ኢሜይል ግን መምጣት አለበት። ካልመጣ የተሳሳተው ኢሜይሉ ነው፤ ሁለተኛውም ቢሞት ማንም አያውቅም ማለት ነው። መልሰህ ሰክተህ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቅ፣ ሌላውን ንቀል። አንድ ዲስክ ምዘዝ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተህ መልስ፤ ሪቢልዱ ራሱ መጀመሩንና ስንት ሰዓት እንደፈጀ መዝግብ። መጨረሻ ላይ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀልና ሁሉም በሥርዓት እስኪጠፋ ቆመህ ተመልከት።

ሁሉም ካለቀ የሲስተም ኢቨንት ሎጉን አጽዳ። ካላጸዳህ ከወር በኋላ እውነተኛው ስሕተት ሲመጣ ከሙከራው ጋር ይቀላቀልብሃል።

ጀማሪ_አድሚን · መልዕክት 16

ጋሽ ራክ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ሬሉን ስገጥም የትኛው ቀዳዳ ላይ ነው የምጀምረው? ካቢኔቱ ላይ የዩ ቁጥር አልተጻፈም።

ጋሽ_ራክ · መልዕክት 17

ቀዳዳዎቹን አስተውለህ እያቸው፤ እኩል አልተራራቁም። ከመሃል እስከ መሃል 15.9 ሚ.ሜ፣ እንደገና 15.9፣ ከዚያ 12.7 እያለ ይደጋገማል። 12.7ዋ ጠባቧ ክፍተት ናት፤ የዩ ድንበር በእሷ መሃል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ከጠባብ ክፍተት በላይ ያለው ቀዳዳ የዩው የመጀመሪያ፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ ቀጥሎ የላይኛው፤ ለአንድ ዩ ሦስት ቀዳዳ። 2ዩ ሰርቨር ስድስት ቀዳዳ ይይዛል። በአንድ ቀዳዳ ከሳትክ ሬሉ የገባ ይመስላል፤ ሰርቨሩን ስትገፋው ግን ጆሮዎቹ ላይ ያሉት ብሎኖች ከቀዳዳው ጋር አይገጥሙም፣ ከላይ የሚገባው ዕቃም የዩ ሲሶ ያህል ያጣል። ምሰሶው ላይ ከታች ወደ ላይ ቆጥረህ በየዩው በማርከር ጻፍ፤ ከፊትም ከኋላም። ሬሉ ወደ ኋላ አንድ ዩ ዝቅ ብሎ የሚታሰረው ሰው ከኋላ ሳይቆጥር ሲቀር ነው።

ኬጅ ነት (በቀዳዳው የሚገባ ባለ ክንፍ ዳዶ) የሚያስፈልግ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤም6 ነው። ክንፎቹ በምሰሶው ውስጠኛ በኩል ወደ ግራና ቀኝ እንጂ ወደ ላይና ታች አይሁኑ። በጣትህ አትግፋው፣ ጥፍር ይገነጥላል፤ መሳቢያ መሣሪያ አለው፣ እሱን ያዝ።

የሞላ 2ዩ ሰርቨር 30 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ዲስኩንና ፓወር ሰፕላዩን አውጥታችሁ ለሁለት አንሱት፤ የወጣው ዲስክ ወደነበረበት ቁጥር እንዲመለስ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ለጥፉ። ካቢኔቱ ከወለሉ ጋር ካልታሰረ ወይም የማረጋጊያ እግሩ ካልወጣ በሬሉ ላይ ከአንድ ሰርቨር በላይ በአንድ ጊዜ አትሳቡ፤ ይደፋል። ከባዱ ዩፒኤስ ከታች፣ ከሱ በላይ ሰርቨሩ፣ ስዊቹ ከላይ። ስዊቹ አየር ከየት ወደየት እንደሚገፋ ደግሞ ሳትገጥመው በፊት እይ፤ ከኋላ የሚስብ ከሆነ የሰርቨሩን ትኩስ አየር ነው የሚጠጣው።